ሠልጣኟ ስትመጣ ምን ታውቅ ነበር? ለኦፍስቴድ ኢንስፔክሽን ስለ መዘጋጀት

እ.ኤ.አ. በ2024 የጸደይ ወራት (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ አንድ አርብ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሲያልፍ የቢሯችን ስልክ ጠራ። ደዋይዋ ከኦፍስቴድ መሆናቸውን ገልጸው የኢንስፔክሽን ቡድናቸው ማክሰኞ ጠዋት እንደሚመጣ ነገሩኝ። ኦፍስቴድ በእንግሊዝ የትምህርት ቤቶችንና የሥልጠና ተቋማትን ጥራት የሚመረምር የመንግሥት አካል ነው፤ በ1992 ተቋቁሞ ከ2007 ጀምሮ ደግሞ የጎልማሶች ትምህርትንና የሙያ ሥልጠናን መመርመርም በእርሱ ሥር ሆኗል። በጊዜው በነበረው ደንብ እንደ እኛ ያለ ተቋም የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ቢበዛ 2 የሥራ ቀን ስለነበረ፣ በእጃችን የቀረው ያው አርብና ሰኞ ብቻ ነበር።

የምሠራው በሰሜን እንግሊዝ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የሥልጠና ተቋም ውስጥ በጥራት ኃላፊነት ነው። የምናሠለጥነው በኬር ሆምና በየሰው ቤት እየሄዱ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን የሚንከባከቡ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ደረጃ የተመዘገቡ አፕረንቲሶችን ነው፤ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አሉበት። አገር ቤት በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አብረውኝ ያስተማሩ ባልደረቦቼ «እናንተ ዘንድ ኢንስፔክሽን ሲመጣ እንዴት ነው የምትዘጋጁት?» እያሉ በተደጋጋሚ ስለሚጠይቁኝ፣ መልሴን በአንድ ቦታ ሰብሰብ አድርጌ ለመጻፍ ወሰንኩ። አጭሩ መልስ በ2 ቀን የሚሠራ ዝግጅት የለም የሚል ነው። የሚመረመረው ሠልጣኟ ወደ እኛ ስትመጣ ምን ታውቅ ነበር፣ ዛሬ ምን ታውቃለች፣ በመካከሉ ያለውን ርቀት ያሻገራት ማን ነው የሚለው ነው፤ ይህ ደግሞ በአርብና በሰኞ መካከል የሚፈጠር ነገር አይደለም።

ስለ ሥርዓቱ ጥቂት ልበል። በእንግሊዝ አፕረንቲስ ማለት ደመወዝ እየተከፈለው የሚማር ሠራተኛ ነው። ቀጣሪው ሥራውን ይሰጣል፣ ተቋሙ ሥልጠናውን ይሰጣል፣ ሦስቱም ወገኖች በአንድ የሥልጠና ዕቅድ ላይ ይፈርማሉ። ከ2017 ሚያዝያ ጀምሮ ዓመታዊ የደመወዝ ወጪያቸው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚበልጥ ቀጣሪዎች ከዚያ በላይ ካለው ላይ 0.5 በመቶ የአፕረንቲስሺፕ ግብር ይከፍላሉ፤ ስለዚህ ኢንስፔክተሩ የሚጠይቀው በሕዝብ ገንዘብ ስለሚሰጥ ሥልጠና ነው። ሠልጣኙ ሊያሟላ የሚገባው መለኪያ ዕውቀት፣ ክህሎትና የሥራ ጠባይ ተብሎ በሦስት ይከፈላል፤ አገር ቤት ያሠለጠነ ሰው ዕውቀት፣ ክህሎትና አመለካከት ከምንለው ጋር ያለውን ዝምድና ወዲያው ያየዋል። በኢንስፔክሽናችን ጊዜ የመጨረሻውን ምዘና ይሰጥ የነበረው ከአሠልጣኙ የተለየ ገለልተኛ አካል ሲሆን፣ ይህም አገር ቤት በሲኦሲ፣ ማለትም በሙያ ብቃት ማረጋገጫ ምዘና ለሠሩ ሰዎች እንግዳ አይሆንባቸውም።

ወደዚህ ተቋም ከመምጣቴ በፊት በሌላ ቦታ እሠራ ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም። በዚያ ቦታ የኢንስፔክሽን ወሬ በተሰማ ቁጥር ሥራው ሁሉ ይቆምና ፋይል ማሟላት ይጀመራል። በየ12 ሳምንቱ አሠልጣኝ፣ ሠልጣኝና ቀጣሪ በአንድነት ተቀምጠው ሊያደርጉት የሚገባው የክትትል ውይይት ለብዙ ሠልጣኞች ሳይደረግ ቆይቶ፣ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት የስምንትና የዘጠኝ ሰው ቅጽ ተከታትሎ ሲሞላ በዓይኔ አይቻለሁ። «ጥሩ እየሄደች ነው፤ በዚሁ ትቀጥል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ከአንዷ ቅጽ ወደ ሌላዋ ቅጽ እየተገለበጠ ይሄዳል። አንዷ ሠልጣኝ በወሊድ ፈቃድ ላይ በነበረችበት ወር እንኳ «ጥሩ እየሄደች ነው» ተብሎ ተጽፎላት ነበር። ያን ቅጽ በእጄ ይዤ የተሰማኝን ኀፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ ኀፍረቱም ኢንስፔክተር ያየናል ከሚል አልነበረም፤ ያቺ ልጅ 9 ወር ሙሉ ማንም ዞር ብሎ እንዳላያት ወረቀቱ ራሱ ስለመሰከረ ነው።

አሁን ባለሁበት ተቋም ዝግጅታችንን የጀመርነው ስልኩ ከመደወሉ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በፊት፣ ኦፍ-ዘ-ጆብ በሚባለው የሥልጠና ሰዓት ላይ በተነሣ ጉዳይ ነው። ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል፤ ከሥራ ቦታ ውጪ የሚደረግ ትምህርት ይመስላል። ትርጉሙ ግን ከዕለት ተዕለት ተግባር ተለይቶ፣ ነገር ግን ደመወዝ በሚከፈልበት የሥራ ሰዓት ውስጥ የሚሰጥ ሥልጠና ማለት ነው። ቀድሞ ከሥራ ሰዓት 20 በመቶ ነበር፤ ከ2022 ነሐሴ ጀምሮ ሙሉ ሰዓት ለሚሠራ ሰው በሳምንት በአማካይ ቢያንስ 6 ሰዓት ሆነ፤ ከ2025 ነሐሴ ወዲህ ደግሞ ለእያንዳንዱ የሙያ ዓይነት የሰዓቱ መጠን ተለይቶ ተወስኗል። በመዝገባችን ላይ የአብዛኞቹ ሠልጣኞች ሰዓት የተሟላ ነበር፤ ቁጥሩን ብቻ ለሚያይ ሰው ምንም ችግር የለብንም።

አንድ ቀን ግን ከሠልጣኞቻችን አንዷ፣ ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈና በአንድ ኬር ሆም ሌሊት የሚሠሩ እናት፣ ሰዓታቸውን እንዴት እንደሚሞሉ በአማርኛ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ሰዓቱን አላጓድልም፤ የሌሊት ሺፍቴን ጨርሼ በአውቶቡስ ስመለስ ቪዲዮውን እከፍተዋለሁ፣ የቀረውን በዕረፍት ቀኔ አየዋለሁ» አሉኝ። «የሚማሩበት ሰዓት እኮ ደመወዝ የሚከፈልበት የሥራ ሰዓትዎ መሆን አለበት፤ የዕረፍት ቀንዎን ማንም ሊወስድብዎ አይገባም» ስላቸው፣ «ታዲያ ለማናጀሯ ማን ይንገርልኝ?» ብለው ዝም አሉ። 12 ሰዓት ቆመው ያደሩ ሰው በአውቶቡስ መስኮት ላይ ጭንቅላታቸውን አስደግፈው የሚያዩት ቪዲዮ በእኛ መዝገብ ላይ ሥልጠና ተብሎ ይቆጠር ነበር። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን መጠይቅ ሲሞሉ ይህን አንድም ጊዜ አልጻፉትም፤ ለምን እንዳልጻፉትም ይገባኛል፤ ቅሬታ ሥራን ያሳጣል ብለው የሚፈሩ ሰው ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ሠልጣኞች አንድ በአንድ፣ ቢቻል በሚቀናቸው ቋንቋ፣ «ባለፈው ሳምንት መቼ ተማርሽ? የትኛው ቀን? ስንት ሰዓት ላይ? ያን ጊዜ ሥራሽን ማን ሸፈነልሽ?» ብለን ጠየቅን። በርካቶቹ የሚማሩት በገዛ ጊዜያቸው ሆኖ ተገኘ። ቀጣሪዎቹን መጋፈጥ ቀላል አልነበረም፤ የኬር ሆም ማናጀሮች የሰው እጥረት አለባቸው፣ አንድ ሠራተኛ ለ6 ሰዓት ሲወጣ በምትኩ የኤጀንሲ ሠራተኛ መጥራት አለባቸው፣ እርሱም ውድ ነው። ከቀጣሪዎቹ ከሁለቱ ጋር ስምምነት አልተገኘምና ከዚያ ወዲያ አዲስ ሠልጣኝ ከእነርሱ አልተቀበልንም። ለአነስተኛ ተቋም ይህ ከባድ ገቢ ማጣት ነው፤ የሥራ አመራራችን ውሳኔውን ለማሳለፍ ሁለት ስብሰባ ወስዶበታል። እኔ እንደማምነው ግን ከሁሉም የሚበልጠው የኢንስፔክሽን ዝግጅታችን ያ ውሳኔ ነበር።

ሁለተኛው ትልቅ ሥራ መነሻን መለየት ነበር። ብዙ ተቋም ሠልጣኝ ሲመዘግብ መጠይቅ ያስሞላል፣ የእንግሊዝኛና የሒሳብ ፈተና ይሰጣል፣ ውጤቱን ፋይል ውስጥ ይከታል፤ ከዚያ በአገሯ 10 ዓመት ነርስ ሆና የሠራችውንም፣ ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣችውንም ልጅ በአንድ ዓይነት ትምህርት፣ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ያስኬዳቸዋል። ደንቡ ራሱ ሠልጣኙ አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ተለይቶ ከሥልጠናው ጊዜና ከክፍያው ላይ እንዲቀነስ ያዛል፤ ሰው የሚያውቀውን እንደገና ለማስተማር የሕዝብ ገንዘብ መውሰድ አይገባምና። እኛም የመነሻ ምዘናችንን ቀይረን፣ አሠልጣኙ ሠልጣኟ ከምትሠራበት ቦታ ሄዶ ግማሽ ቀን አብሯት እንዲውልና ምን እንደምታውቅ በሥራዋ ላይ እንዲያይ አደረግን። ነርስ የነበረችው እንስት የአልጋ ቁስል እንዴት እንደሚከላከሉ አሳምራ ታውቃለች፤ የማታውቀው የዚህን አገር ሕግና የመዝገብ አያያዝ ነው። የእርሷ ዕቅድ ከዚያ ይጀምራል።

ስለ እንግሊዝኛና ሒሳብም አንድ ነገር ልጨምር። ከ2025 የካቲት ጀምሮ 19 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆነው ለሚጀምሩ አፕረንቲሶች የእነዚህ ሁለት ትምህርቶች ፈተና የግድ መሆኑ ቀርቶ ለቀጣሪው ምርጫ ተትቷል። ለብዙ ወገኖቻችን እፎይታ ነው፤ ሙያውን ችለውት በፈተናው ብቻ ተይዘው የቀሩ ብዙ ነበሩ። ይሁንና የእንክብካቤ ሠራተኛ በቀን ምን ያህል ሒሳብ እንደምትሠራ ሥራውን ያየ ያውቃል። አንዲት ሠልጣኛችን የአንድ አዛውንት የፈሳሽ መዝገብ ላይ ኩባያው ሙሉ ሆኖ ስለ ቀረበ 200 ሚሊ ሊትር ብላ ትጽፍ ነበር፤ ሰውየው ግን የጠጡት ግማሹን ብቻ ነው። በቀን አምስት ጊዜ እንዲህ ከተጻፈ መዝገቡ አንድ ሊትር ጠጥተዋል ይላል፣ ሰውነታቸው ግን ግማሽ ሊትር ነው ያገኘው። አሠልጣኟ ኩባያውን በመለኪያ እየለካች እያሳየቻት ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት ሩብ ማለት ስንት እንደሆነ ያስተማረቻት በዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ፈተናው ቢቀርም ይህ ትምህርት እንዳይቀር አጥብቀን ይዘነዋል።

የራስ ግምገማ ሪፖርት የሚባለውን ሰነድ በተመለከተ፣ የቀድሞው ሪፖርታችን በሁሉም ዘርፍ «ጥሩ ነን» የሚል ነበር። ስንከልሰው ከጀመሩት ሠልጣኞች ስንቱ እንዳቋረጡ፣ ስንቱ የታቀደላቸው ማብቂያ ቀን አልፎ እንደቆዩ፣ ያቋረጡትም ለምን እንዳቋረጡ በግልጽ ጻፍን። ከቦርዱ አባላት አንዱ «ይህን ለኢንስፔክተር ሰጥተን ራሳችንን እንከሳለን ወይ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ኢንስፔክተሩ ድካማችንን ማግኘቱ አይቀርም፣ ሲያገኘው እኛ አስቀድመን አውቀነው መፍትሔ ስንሠራበት ካገኘን ስለ አመራራችን የሚሰጠው ፍርድ ሌላ ነው። ኦፍስቴድ ራሱም የራስ ግምገማው በተለየ ቅርጽ እንዲቀርብለት አይጠይቅም፤ ለእርሱ ተብሎ የሚዘጋጅ ያሸበረቀ ፋይልም አይፈልግም።

የሠልጣኞችን ደኅንነት ስለ መጠበቅ ብዙ ተቋማት የሚሠሩትን ስሕተት እኛም ሠርተናል። ኢንስፔክተሩ ስለ ፕሪቨንት ግዴታ (ሰዎች ወደ ሽብርተኝነት እንዳይሳቡ ስለ መከላከል) እና የብሪታንያ እሴቶች ስለሚባሉት፣ ማለትም ስለ ዴሞክራሲ፣ ስለ ሕግ የበላይነት፣ ስለ ግለሰብ ነጻነት፣ ስለ መከባበርና መቻቻል ይጠይቃል ተብሎ ሠልጣኞች እንደ ውዳሴ በቃላቸው እንዲይዙ ይደረጋል። አንድ የተቀጠረ አማካሪ መጥቶ ሠልጣኞቻችንን እነዚህን ቃላት ሲያስደግማቸው ቆይቼ ሰማሁና ከዚያ በኋላ እንዳይደገም ጠየቅሁ። በቃል የተያዘ መልስ ኢንስፔክተሩን አያታልልም፣ ሠልጣኟንም አይጠብቃትም። በምትኩ አሠልጣኞቻችን «ሥራ ላይ የሚያስከፋሽ፣ የሚያስፈራሽ ነገር አለ?» ብለው መጠየቅ ጀመሩ። ከተንከባካቢዎቻችን አንዳንዶቹ በቆዳ ቀለማቸው ምክንያት የሚሰደቡትን ስድብ «በሽታቸው ነው» እያሉ ውጠው ለዓመታት መኖራቸውን ያወቅነው በዚህ ጥያቄ ነው። አሁን እያንዳንዱ ሠልጣኝ ይህ ሲደርስበት ለማን እንደሚደውል የሰውየውን ስምና ስልክ ያውቃል።

ወደዚያ አርብ ልመለስ። ከመሪ ኢንስፔክተሯ ጋር ረጅም የስልክ ውይይት አደረግን። የሁሉንም ሠልጣኞች ዝርዝር ከቀጣሪያቸው፣ ከሥራ ቦታቸውና ከደረሱበት ደረጃ ጋር ላክን፤ ማንን እንደሚያነጋግሩ የሚመርጡት እነርሱ ናቸው። እኔ ኖሚኒ ሆኜ ተመደብኩ፤ ኖሚኒ የሚባለው በተቋሙና በኢንስፔክሽን ቡድኑ መካከል የሚያገናኝ፣ በቡድኑ ስብሰባዎች ላይ ተቀምጦ የሚሰማ፣ የጎደለ ማስረጃ ሲኖር የሚያቀርብ የተቋሙ ሰው ነው። ሰኞ ያደረግነው ዋና ነገር ለሠልጣኞችና ለማናጀሮች መደወል ነበር፤ የነገርናቸውም አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እውነቱን ተናገሩ፤ ስለ እኛ ያላችሁ ቅሬታ ካለ እርሱንም ጭምር።»

ኢንስፔክሽኑ ከቆየባቸው አራት ቀናት በዝርዝር የምጽፈው አንዱን ነው። ረቡዕ ዕለት ከኢንስፔክተሮቹ አንዱ ያቺን የሌሊት ሠራተኛ እናት ለማነጋገር ኬር ሆሙ ድረስ ሄደ። እኔ በክፍሉ ውስጥ አልነበርኩም፤ የሆነውን የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። በሠራተኞች ማረፊያ ውስጥ ሻይ ይዘው ተቀምጠው፣ ከሥልጠናው በፊት የማያደርጉት አሁን የሚያደርጉት ነገር ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። እርሳቸውም የመርሳት በሽታ ስላለባቸው አንድ አዛውንት ነገሩት። ሰውየው በየማለዳው ገላቸውን መታጠብ እምቢ ይሉ ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ መዝገቡ ላይ «እምቢ አሉ» ብሎ ጽፎ ያልፋል። የ2005ቱን የአእምሮ ብቃት ሕግ ከተማሩ በኋላ፣ አንድ ሰው መወሰን እንደማይችል እስካልተረጋገጠ ድረስ እንደሚችል መቆጠር እንዳለበት ሲረዱ፣ እምቢታው ምን ለማለት እንደሆነ ማሰብ ጀመሩ። የሰውየውን ልጅ ሲጠይቁ፣ ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ገላቸውን የሚታጠቡት ከሥራ ሲመለሱ ማታ እንደነበር ሰሙ። ይህን ለማናጀሯ ነግረው የእንክብካቤ ዕቅዱ ተቀየረ፣ መታጠቢያው ማታ ሆነ፣ እምቢታውም ቀረ። ኢንስፔክተሩ መዝገቡን አስወጥቶ የቀድሞውን ገጽና የአሁኑን ገጽ ጎን ለጎን አነበበ። «እንግሊዝኛዬ ይንተባተባል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ስለ ሰውየው ሳወራ ግን ረሳሁት» አሉኝ።

በዚያ ምሽት የቡድኑ ስብሰባ ላይ ይህ ታሪክ ተነሣ። የሥልጠና ሰዓታቸውም እንዲሁ፤ ረቡዕ ከሰዓት የሥልጠና ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት የሥራ ፕሮግራም ማናጀሯ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ኢንስፔክተሩ አግኝቶታል። በዚያው ስብሰባ ጉድለታችንም ተነግሯል። ሠልጣኞቻችን ከዚህ ሥልጠና በኋላ ወዴት መሄድ እንደሚችሉ፣ ወደ ነርስነትም ሆነ ወደ ማኅበራዊ ሥራ የሚወስዱትን መንገዶች በበቂ እንዳላሳየናቸው፣ አንዳንድ ማናጀሮችም በክትትል ውይይት ላይ በስም ብቻ እንደሚገኙ ነገሩን። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ ሁለተኛውን እኛም ሪፖርታችን ላይ ጽፈነዋል፣ የመጀመሪያውን ግን አላየነውም ነበር። የተሰጠን ደረጃ «ጥሩ» የሚለው ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥርዓቱ ራሱ ተለውጧል። በ2022 ኅዳር ትምህርት ቤታቸው ኢንስፔክሽን የተደረገባቸው የሬዲንግ ርዕሰ መምህርት ሩት ፔሪ በ2023 ጥር ራሳቸውን አጥፍተው ካረፉና የሞት መርማሪዋ ኢንስፔክሽኑ ለሞታቸው አስተዋጽኦ እንደነበረው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ከወሰኑ በኋላ፣ ተቋምን በአንድ ቃል መፈረጅ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። ከ2025 ኅዳር ጀምሮ እንደ እኛ ያሉ ተቋማትም ጭምር በየዘርፉ ተከፍሎ ባለ አምስት እርከን ፍርድ በሚሰጥበት የሪፖርት ካርድ ይመረመራሉ፤ አካታችነትም ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኗል። ለውጡን እደግፈዋለሁ። በቢሯችን የሚሠሩ ሰዎች ስልኩ በጠራ ቁጥር ሲደነግጡ አይቻለሁ፤ ፍርሃት ደግሞ ጉድለትን ያስደብቃል።

እኛም ስለ አካታችነት የሚጠይቀውን ክፍል ይዘን እንደገና ተቀምጠናል። በአሁኑ ሰዓት ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የ9 ሠልጣኞች ስም ዝርዝር ነው፤ ሲመዘገቡ «የተለየ ድጋፍ ያስፈልግሃል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ሁሉም «አያስፈልገኝም» ብለው የመለሱ፣ ነገር ግን የጽሑፍ ሥራቸው በየወሩ የሚዘገይ ናቸው። ከመካከላቸው ሁለቱ አማርኛ ተናጋሪዎች ስለሆኑ እነርሱን የማነጋግራቸው እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያውን ቀጠሮ ከሌሊት ሺፍት በማይወጣበት ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በሥራ ሰዓቱ አድርገነዋል።